የዕፅዋት ፍላቮኖይድና የስብ ሕዋስ ዕድገት፤ ከሐይቅና ከአምባሰል ማሳና ማዕድ አንጻር

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ዙሪያ ካለው የተሁለደሬ ወይና ደጋ አንሥቶ በውጫሌ በኩል እስከ ግሸን አምባ ግርጌ በሚዘልቀው የአምባሰል ምድር፣ ማሳው ማሽላ፣ ጤፍና ጥራጥሬ፣ ጓሮው ጌሾና ጤና አዳም፣ ገመገሙ ደግሞ ክትክታና ወይራ ይዞ ይገኛል። እነዚህ ዕፅዋት በዝርያም በአገልግሎትም የማይገናኙ ቢመስሉም፣ ሁሉም በቅጠላቸው፣ በልጣጫቸው ወይም በፍሬያቸው ሽፋን ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውሁዶችን ይሠራሉ። የዚህ ዲስኩር ጉዳይ እነዚህ ውሁዶች በሰው አካል ውስጥ ካለው የስብ ሕዋስ ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው፤ በተለይም ሕዋሱ ገና በመፈጠር ላይ ሳለ ምን እንደሚያደርጉበት፣ ይህም ዕውቀት ረኃብን ደጋግሞ ላየው ለዚህ አገር ሰው ምን እንደሚጠቅም መመርመር ነው።

ፍላቮኖይድ የአንድ ንጥረ ነገር ስም ሳይሆን የብዙዎች የወል መጠሪያ ነው። ሁሉም 15 የካርቦን አቶሞች ያሉት አንድ አጽም ይጋራሉ፤ እርሱም ስድስት ስድስት ካርቦን የያዙ ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦኖች የተያያዙበት ነው። በዚህ አጽም ላይ ኦክስጅን፣ ስኳር ወይም ሌላ ቅጥያ በየትኛው ቦታ እንደተጨመረ እየታየ ከ6,000 በላይ ውሁዶች ተለይተዋል። በቀይ ሽንኩርት በብዛት የሚገኘው ኩዌርሴቲን፣ በጤፍ ውስጥ ያሉት የአፒጀኒንና የሉቲዮሊን ተዋጽኦዎች፣ በብርቱካንና በሎሚ ልጣጭ ያለው ሄስፐሪዲን፣ በአኩሪ አተር ያለው ጀኒስቲን፣ በሻይ ቅጠል ያሉት ካቴኪኖች ከዚህ ወገን ናቸው። ተክሉ እነዚህን የሚሠራው ለሰው ጤና ብሎ አይደለም፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ይመክትባቸዋል፣ ሻጋታንና ነፍሳትን ይከላከልባቸዋል፣ አበባውንና ፍሬውን ያቀልምባቸዋል፣ የጥራጥሬ ሥርም ናይትሮጅን የሚያበጁለትን የአፈር ባክቴሪያዎች ይጠራባቸዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሐይቅ አካባቢ የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ስለሚበረታ፣ የዚህ አገር ተክል እንዲህ ያለ መከላከያ አብዝቶ ቢሠራ የሚያስገርም አይሆንም።

የፍላቮኖይድ ምርምር ታሪክ ከኢትዮጵያ ጓዳ እምብዛም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 በጀርመን አገር በኑረንበርግ ይኖር የነበረው መድኃኒት ቀማሚ አውግስት ቫይስ፣ የአበሻው ጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ከሆነ ተክል ሩቲን የተባለውን ውሁድ አወጣ፤ ሩቲንም ኩዌርሴቲን ከሁለት ስኳሮች ጋር ተጣብቆ የሚገኝበት መልክ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1936 ሃንጋሪያዊው ሊቅ አልበርት ሴንት-ጆርጂና ባልደረቦቹ፣ ከሎሚና የበርበሬ ወገን ከሆነው ከፓፕሪካ ያወጡት የፍላቮኖይድ ቅልቅል የደም ሥሮችን ግድግዳ ያጠነክራል ብለው "ቪታሚን ፒ" የሚል ስም ሰጡት። ስሙ ግን አልጸናም፤ ቪታሚን የሚባለው ሲጎድል ተለይቶ የሚታወቅ በሽታ የሚያስከትል ነገር ሲሆን፣ ፍላቮኖይድ በመጉደሉ ብቻ የሚመጣ እንዲህ ያለ በሽታ ሊገኝ ስላልቻለ በ1950ዎቹ ስያሜው ተተወ። ይህ ታሪክ ዛሬም ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ በየጊዜው አንድ ቅጠል ወይም አንድ ዱቄት ሁሉን ይፈውሳል ተብሎ ሲነገር፣ በ1936 የተደረገው የስም ጥድፊያ ሌላ ልብስ ለብሶ ተመልሶ ሊሆን ይችላልና።

የስብ ሕዋስም በበኩሉ ለረጅም ዘመን ከቁም ነገር ሳይቆጠር ኖሯል። ትርፍ ምግብ የሚከተትበት፣ በችግር ቀን የሚወጣበት ጎተራ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ይህም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ዘረመል ሲያገኝ፣ የስብ ሕዋስ በውስጡ ያለውን ስንቅ መጠን ለአንጎል በደም በኩል የሚያሳውቅ፣ በዚህም የረኃብን ስሜትና የመውለድን አቅም ጭምር የሚቆጣጠር መሆኑ ተገለጠ። አዲፖኔክቲን የተባለው ሌላው የዚሁ ሕዋስ ሆርሞን ደግሞ ጉበትና ጡንቻ ለኢንሱሊን ትእዛዝ የተመቹ እንዲሆኑ ያግዛል። ስለዚህ የስብ ሕዋስ ቁጥሩ፣ መጠኑና ጤንነቱ የአካልን ጠቅላላ ኑሮ የሚነካ ነው።

ይህ ሕዋስ የሚወለደው ግንደ ሕዋስ ከሚባሉት፣ አጥንት፣ ልምጭ አጥንት ወይም ስብ የመሆን ዕድል ካላቸው ያልተለዩ ሕዋሳት ነው። በመጀመሪያ ግንደ ሕዋሱ ሌላውን ዕድል ትቶ ዕጩ የስብ ሕዋስ ይሆናል፤ በዚህ ደረጃ በውስጡ ስብ የለበትም፣ መልኩም ከተራ የማያያዣ ሕዋስ አይለይም። የሆርሞን ጥሪ ሲደርሰው፣ ጥናቱ በብዛት በተካሄደባቸው የአይጥ ሕዋሳት እንደታየው፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይከፈልና ይበዛል፤ ቀጥሎም ዘረመሎች እንዲነበቡ የሚያዝዙ ፕሮቲኖች ተራ በተራ ይነቃሉ። መጀመሪያ ሲ-ኢቢፒ ቤታና ዴልታ የተባሉት ይነሣሉ፤ እነርሱም ፒፒኤአር ጋማ የተባለውንና ሲ-ኢቢፒ አልፋን ያነቃሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንዱ ሌላውን እያጸና ሕዋሱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርጉታል። ከሁሉም በላይ ሥልጣን ያለው ፒፒኤአር ጋማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የብሩስ ስፒገልማን የምርምር ቡድን ይህን አንድ ፕሮቲን ብቻ ስብ ባልሆኑ የማያያዣ ሕዋሳት ውስጥ በማስገባት ወደ ስብ ሕዋስነት መለወጥ መቻሉን አሳይቷል። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎችን ይሠራል፤ ጠብታዎቹም ተዋሕደው በነጩ ስብ ውስጥ አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ በዓይን ለመከታተል ያስቻለው፣ ሃዋርድ ግሪን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአይጥ ፅንስ ሕዋሳት ለይቶ ያወጣው የሕዋስ ዘር ነው። እነዚህ ሕዋሳት በሳሕን ላይ አድገው ሳሕኑን ከሞሉ በኋላ ኢንሱሊን፣ ዴክሳሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒትና የሕዋሱን የውስጥ መልእክት የሚያራዝም ሌላ ኬሚካል ሲጨመርባቸው፣ በስምንት ወይም በአሥር ቀናት ውስጥ በስብ ይሞላሉ፤ ስብን ብቻ የሚይዝ ቀይ ቀለም ሲፈስባቸውም ሳሕኑ ይቀላል። የዓለም ቤተ ሙከራዎች የአንድን የዕፅዋት ውሁድ ኃይል የሚመዝኑት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ውሁዱ ሲጨመር ሳሕኑ ምን ያህል እንደቀላ፣ የተጠቀሱት ፕሮቲኖችም ምን ያህል እንደቀነሱ ወይም እንደጨመሩ ይለካል።

በዚህ ፈተና ብዙ ፍላቮኖይዶች የስብ ሕዋስን መወለድ ያዘገያሉ፤ የሚያዘገዩበት ቦታ ግን አንድ አይደለም። የሻይ ቅጠል ካቴኪኖች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሕዋሱ ሊከፈል ሲል ይይዙታል። ኩዌርሴቲን ኤኤምፒኬ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ ይህ ኢንዛይም የሕዋሱ ጉልበት ሲያንስ የሚነሣ፣ ስብ መሥራትን አቁሞ ማቃጠልን የሚያበረታታ ሲሆን፣ በዚሁ ጊዜ የፒፒኤአር ጋማና የሲ-ኢቢፒ አልፋ መጠን ይወርዳል። ሉቲዮሊንም የእነዚህኑ ፕሮቲኖች ሥራ ይቀንሳል። በፈረንጅ ቢራ ውስጥ በሚገባው ሆፕስ ላይ ያለው ዛንቶሁሞል የተባለ የፍላቮኖይድ ዘመድም በሳሕን ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ውሁዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጨመር ውጤቱ ይበረታል፣ ሕዋሱ ስብ ሞልቶ ካበቃ በኋላ ሲጨመር ግን ውሳኔው ስላለፈ ብዙ አይለውጥም፤ መጠኑ እጅግ ከበዛም ሕዋሱን እስከ መግደል ይደርሳል፤ መግደል ደግሞ ከማዘግየት ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ አንዱ ውሁድ ራሱ በመጠኑ ልክ ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ጀኒስቲን በትንሽ መጠን እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን ሆኖ የስብ ሕዋስ እንዳይበዛ ሲያግድ፣ መጠኑ ሲጨምር ከፒፒኤአር ጋማ ጋር በቀጥታ ተጣብቆ እንዲበዛ ሊያደርግ እንደሚችል በአጥንት መቅኒ ሕዋሳት ላይ በተደረገ ምርምር ተገልጿል። ኩዌርሴቲንና ካምፕፈሮል የተባለው ሌላ ፍላቮኖይድ ደግሞ ከዚሁ ፕሮቲን ጋር በልስልሱ ተጣብቀው፣ ሕዋሱን በስብ ሳይሞሉት ስኳር ከደም እንዲቀበል ሲያግዙ ታይተዋል። "ፍላቮኖይድ ስብ ያጠፋል" የሚለው አጭር አባባል ከሁሉ በፊት የሚወድቀው በዚህ ላይ ነው፤ የትኛው፣ በስንት መጠን፣ በየትኛው ቀን የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስለ አንድ ሺህ ነገሮች በአንድ ቃል መናገር አይቻልምና።

ደግሞስ የስብ ሕዋስ እንዳይወለድ ማድረግ በራሱ መልካም ነገር ነውን? ሊፖዲስትሮፊ በሚባለው ብርቅ ሕመም የተያዙ ሰዎች የስብ ሕዋስ የላቸውም ወይም እጅግ ያንሳቸዋል፤ ሰውነታቸው ሥጋና ጡንቻ ብቻ የሆነ ቢመስልም፣ ስቡ ማረፊያ አጥቶ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ስለሚከማች ለከባድ የስኳር በሽታ ይዳረጋሉ። በሌላ በኩል ፒፒኤአር ጋማን የሚያነቁት እንደ ፒዮግሊታዞን ያሉ የስኳር በሽታ መድኃኒቶች አዳዲስ ትናንሽ የስብ ሕዋሳት እንዲወለዱ ያደርጋሉ፤ ሕመምተኛው ጥቂት ቢወፍርም የደሙ ስኳር ይሻሻላል። ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው የስብ ሕዋስ መኖሩ ሳይሆን፣ ያሉት ሕዋሳት ከልክ በላይ ተወጥረው መቆጣታቸውና ስቡ ወደማይገባበት አካል መፍሰሱ ነው። መጠየቅ ያለበትም ስብን ምን ያጠፋዋል የሚለው ሳይሆን፣ የስብ ሕዋስ ተግባሩን በጤና እንዲፈጽም ምን ይረዳዋል የሚለው ነው።

ይህ ፍርድ በወሎ ምድር የበለጠ ይከብዳል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ባሳለፈ ሕዝብ ዘንድ ስብ የነፍስ መቆያ ነበር፤ እስከ ዛሬም በሰላምታ መካከል "ከሳህ" ወይም "ከሳሽ" ሲባል በስጋት እንጂ በምስጋና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባቸው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከሚገባቸው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ፤ ይህም በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ከሚገባቸው በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ አቅጣጫው ይታያል። በአንድ ወረዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት፣ መክሳትና መወፈር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ለአንዱ የሚሰጠው ምክርም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ረኃብና የስብ ሕዋስ የሚገናኙት በዕለቱ ብቻ አይደለም። ኔዘርላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የክረምት ረኃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ወንዶች 19 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረው፣ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ከመጠን በላይ የመወፈር ዝንባሌ ሲያሳዩ፣ ረኃቡ በእርግዝናው መጨረሻና በጨቅላነት የደረሰባቸው ግን ያነሰ ውፍረት ታይቶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ጥናቱን ያወጡት ሊቃውንትም የኋለኛው ጊዜ የስብ ሕዋሳት ቁጥር የሚወሰንበት በመሆኑ ሊሆን ይችላል ብለዋል። በአገራችንም በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከ1983 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በነበረው ድርቅ ጊዜ በማኅፀን ወይም በሕፃንነት የነበሩ ሰዎች ዐዋቂ ከሆኑ በኋላ ተለክተው፣ በልጅነት ረኃብና በሆድ ዙሪያ ውፍረት መካከል ዝምድና መገኘቱ ታትሟል። ራያ ቆቦ ከአምባሰል ሩቅ አይደለም፤ በ77ቱ ድርቅ የተወለዱትም ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው።

በ2008 እ.ኤ.አ. በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ኪርስቲ ስፖልዲንግና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ይህን የጊዜ ጉዳይ አጽንቶታል። ከቀዝቃዛው ጦርነት የኑክሌር ሙከራዎች ወደ ከባቢ አየር የገባው ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን በሕዋሳት ዘረመል ውስጥ በመገኘቱ የስብ ሕዋሳትን ዕድሜ ማወቅ ተችሎ፣ የሕዋሳቱ ቁጥር በልጅነትና በጉርምስና እንደሚወሰን፣ በዐዋቂነት ሰው ቢከሳም ቢወፍርም ቁጥሩ እምብዛም እንደማይለወጥ፣ ሆኖም በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ ሞቶ በአዲስ እንደሚተካ ታወቀ። የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን አንሥቶ የጸናው ትኅርምት፣ የሙስሊሙም ረመዳን የስቡን ጠብታ ያሳንሱት ይሆናል እንጂ ሕዋሱን አያጠፉትም። ፍላቮኖይድም በዐዋቂ ሰው ላይ ቢሠራ የሚሠራው በዚያች በየዓመቱ በምትተካው ዐሥረኛ እጅና በነባሮቹ ሕዋሳት ጠባይ ላይ ነው፤ ሰፊ በር የሚያገኘው በማኅፀንና በልጅነት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የስብ ሕዋስን ለማዘግየት መሞከር ጥበብ አይደለም።

ከሳሕኑ ወደ አካል ሲመጣ ሌላ መሰናክል አለ፤ መጠን ነው። በቤተ ሙከራ ኩዌርሴቲን የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር በሚባል መጠን ሲሆን፣ ሽንኩርት በብዛት በበላ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮሞላር ያነሰ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ እርሱም እንደነበረ ሳይሆን አንጀትና ጉበት ሌላ ነገር አጣብቀውበት ጠባዩን ለውጠውት ነው። የውሁዱ መልክም ለውጥ ያመጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የታተመ አንድ ጥናት ከሽንኩርት የተገኘው ኩዌርሴቲን 52 በመቶ፣ በሩቲን መልክ የተሰጠው ግን 17 በመቶ ብቻ ወደ አካል እንደሚገባ አመልክቷል። ልዩነቱ የስኳሩ ነው፤ በሽንኩርት ውስጥ የተጣበቀውን ግሉኮስ ትንሹ አንጀት ቶሎ ሲፈታው፣ ሩቲን ግን እስከ ትልቁ አንጀት ወርዶ በባክቴሪያዎች መፈታት ይኖርበታል። በቡና ስኒ ውስጥ የምትነከር የጤና አዳም ቅጠል ለመዓዛዋ እንጂ ለስብ ሕዋስ ብዙ እንደማትፈይድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንጻሩ የወጥ አሠራር ለሽንኩርቱ ፍላቮኖይድ እጅግ የተመቸ ነው፤ ይህም ሲነገር እምብዛም የማይሰማ ምስጋና ነው። ኩዌርሴቲን ሙቀትን በሚገባ ይችላል፤ የሚጠፋው በአብዛኛው አትክልት ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ነው። ከቆቦ ጊራና የመስኖ እርሻ የሚመጣው ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ ሲቁላላ ግን የሚደፋ ውኃ የለም፤ ከሽንኩርቱ የወጣው ሁሉ በወጡ ውስጥ ይቀራል፣ እንጀራውም ይመጠዋል። የሚባክነው በመላጥ ጊዜ ነው፤ ኩዌርሴቲን የሚበዛው በውጪዎቹ ንጣፎች ላይ ስለሆነ፣ ደረቁ ልጣጭ ከተነሣ በኋላ ሁለት ሦስት ወፍራም ንጣፍ ጨምሮ መጣል ከፍ ያለውን ድርሻ መጣል ነው። ይህ መልካም ወጥ ግን ከውጭ በሚገባው በሚረጋው የፓልም ዘይት ያለ ልክ ሲጥለቀለቅ፣ ሽንኩርቱ ለስብ ሕዋሱ ያደረገው ሁሉ ከዘይቱ ጉልበት ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ከሁሉ የሰፋ ትኩረት የሚገባው ማሽላ ነው። ወሎ የማሽላ ዝርያ የበለጸገበት አገር መሆኑ በዓለም የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል አብዝተው የያዙ ሁለት ዝርያዎችን ያገኙት ከወሎ ከተሰበሰበ ዘር ነበር። ገበሬው እሸቱን ጠብሶ የሚበላውን እንዲህ ያለውን ማሽላ "ወተት በጉንጬ" ብሎ ሲጠራው የኖረው ቤተ ሙከራው ከማወቁ በፊት ነው። በሌላው ጫፍ ዘንጋዳ አለ፤ ቀይ ወይም ቡናማ፣ መራራ፣ ወፍ የማይደፍረው ነው። መራራነቱ የሚመጣው ታኒን ከሚባለው ነው፤ የማሽላ ታኒን ደግሞ ከካቴኪን ወገን የሆኑ ፍላቮኖይዶች እርስ በርስ ተሰንሰለው የሠሩት ረጅም ውሁድ ነው። ማሽላ ከዚህ በቀር ሻጋታ ሲያጠቃው አፒጀኒኒዲንና ሉቲዮሊኒዲን የተባሉ፣ በሌሎች የእህል ዓይነቶች ብርቅ የሆኑ ቀያይ ፍላቮኖይዶችን በቅጠሉ ላይ ያፈልቃል።

የዘንጋዳ ታኒን በስብ ሕዋስ ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያ ነው። ሰንሰለቱ ትልቅ ስለሆነ ከአንጀት ወደ ደም በቀላሉ አያልፍም፤ ይልቁንም በአንጀት ውስጥ ሳለ ከስታርችና ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምግቡ በዝግታ እንዲፈጭ ያደርጋል፤ ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም ሲገባ ኢንሱሊን በድንገት አይነሣም፣ ኢንሱሊን ካልበረታም የስብ ሕዋስ በፍጥነት አይሞላም። ታኒን የበዛበት ማሽላ የተመገቡ እንስሳት ክብደት ለመጨመር የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ለከተማ ቢሮ ሠራተኛ በጎ የሆነው ይህ ጠባይ ለከሳች እናትና ለሚያድግ ሕፃን ጉዳት ነው፤ ታኒን ብረትንም ስለሚይዝ የደም ማነስን ያባብሳል። የአገሩ ሴቶች ዘንጋዳን መፈተጋቸው፣ አብቅለው ለጠላ ማዋላቸውና ሊጡን ማብላላታቸው ታኒኑን የሚቀንስ ጥበብ ነው፤ ማንም ሳያስተምራቸው መርዙን ከመድኃኒቱ ለይተው ኖረዋል ማለት ከመጠን ያለፈ ውዳሴ አይሆንም።

ስለ ሌሎቹ ዕፅዋት ባጭሩ መናገር ይበቃል። ጌሾ ኩዌርሴቲንና ዘመዶቹ ቢኖሩትም፣ የምሬቱ ምንጭ ፍላቮኖይድ ሳይሆን ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ጌሾይዲን ብለው የሰየሙት ሌላ ውሁድ ነው። የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ ሉቲዮሊን ይዟል፤ የክትክታ ቅጠልም በፍላቮኖይድ የበለጸገ ነው፤ ሁለቱም ግን ከማዕድ ይልቅ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለአጥርና ለማገዶ የሚውሉ ናቸው። በሐይቅ ዙሪያ በስፋት የሚበቅለው ጫትም ፍላቮኖይድ አለው፤ ይሁን እንጂ ቃሚው የሚከሳው የምግብ ፍላጎትን በሚዘጋው በካቲኖን ምክንያት ነውና ይህን ለፍላቮኖይድ በጎነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ትልቅ ስሕተት ነው።

በሰዎች ላይ የተደረገው ሰፊ ክትትል የሚለው ልከኛ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 124,086 ወንዶችንና ሴቶችን እስከ 24 ዓመት ተከታትሎ፣ ፍላቮኖይድ የበዛበትን ምግብ የበሉት ክብደት የመጨመራቸው ነገር ያነሰ መሆኑን አግኝቷል፤ ከሁሉ የተሻለ ዝምድና ባሳዩት አንቶሲያኒን በሚባሉት ቀያይና ሐምራዊ ፍላቮኖይዶች እንኳ ልዩነቱ በየአራት ዓመቱ ከአንድ ኪሎ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነበር። ይህ ለአንድ ሰው ከምንም አይቆጠርም፤ ለአንድ ሕዝብና ለብዙ ዓመታት ሲደመር ግን መናቅ የሌለበት ነው፤ እርሱም የተገኘው ከምግብ እንጂ ከተጨመቀ ክኒን አይደለም።

ከዚህ በመነሣት በሐይቅና በውጫሌ ጤና ጣቢያዎች ለሚያስተምሩ ባለሙያዎችና ለወረዳዎቹ የግብርና ሠራተኞች የሚቀርበው አቤቱታ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ቀዩ ማሽላና ጥቁሩ ጤፍ በነጭ ዱቄት ፊት እንደ ድኻ እህል ታይተው ከማሳ እንዳይጠፉ፣ ዘሩ በገበሬው እጅ እንዲቆይ መርዳት፤ ደሴ ላይ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲም የእነዚህን ዘሮች ፍላቮኖይድ በየዝርያው ለክቶ ለገበሬውና ለሐኪሙ ቢያሳውቅ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ስብ ያቀልጣሉ እየተባሉ በገበያ የሚሸጡ የቅጠል ዱቄቶችንና ጭማቂዎችን እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት እንዳይወስዱ በግልጽ ማስጠንቀቅ ነው። በቡና ውስጥ ጉዳት የሌላት ጤና አዳም እንኳ ተጨምቃ በብዛት ስትጠጣ ፅንስ ልታስወርድ ትችላለች፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲህ ያለውን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።